የቆርቆሮ ቤት አይበላም!

ለማዕድን ብለው ገበሬን ከመሬቱ አስነስተው «ካሳ ተከፍሏል» ሲሉ ደሜ ይፈላል። የሞዛምቢኳን ከተማ ሞአቲዜን እዩ። የብራዚሉ የማዕድን ኩባንያ ቫሌ ለድንጋይ ከሰል ብሎ በ2009 እና 2010 እ.ኤ.አ. ከ1,300 በላይ አባወራ አስነሳ። ብዙዎቹን ካቴሜ የሚባል ቦታ ወሰዳቸው፤ ከሞአቲዜ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወንዝ ዳር ያርስ የነበረ ገበሬ ድንጋያማ ደረቅ መሬት ተሰጠው። እሱም ሁለት ሄክታር ተብሎ አንድ! አዲሱ ቤት ወዲያው ተሰነጣጠቀ፣ ጣሪያውም ያፈስ ጀመር። እሺ ግድግዳውስ ይለሰን፤ ማሳውን በምን ሊለስኑት ነው? ገበያውስ? ለትራንስፖርት ከፍሎ ምን ይዞ ሊመለስ? ሰው ሲመረው ጥር 2012 እ.ኤ.አ. ከሰሉ የሚጓጓዝበትን የባቡር ሐዲድ ዘጋ። ፖሊስ መጥቶ ደበደበ፣ አሰረ። አቤቱታው ሲቀርብ ያልደረሰ መንግሥት ባቡሩ ሲቆም እንዴት ፈጥኖ ደረሰ?