ጤና አዳም እና ጃርት

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ አንዲት ጎረቤታችን ቡና ጠሩን። አምስት ነበርን። ቡናው ሲንተከተክ እትዬ ወደ ጓሮ ወጡና ሁለት ቀንበጥ ጤና አዳም ቀጥፈው ተመለሱ። ስኒው ውስጥ ጣል ጣል ሲያደርጉት ሽታው ቤቱን ሞላው። «በዚህ ክፉ ቀን እኔን ያቆመኝ ይኼ ነው» አሉ።

አንዱ እንግዳ ሳቀ። የተማረ ሰው ነው፤ ሲናገር እጁን ብዙ ያወናጭፋል። «አገር ሲያረጅ ጃርት ያበቅላል እትዬ! እርስዎ ጤና አዳም ላይ ነዎት። መንገዱ በተዘጋበት፣ ልጅ ከትምህርት ቤት በቀረበት ጊዜ የጓሮ ቅጠል ይወራል?»

ታዲያ ምን ይወራ? ምንስ ይደረግ? ብለን ጠየቅነው። ትንሽ አሰበና «አገር ሲያረጅ ጃርት ያበቅላል» አለ፣ ደግሞ።

እትዬ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ኢንተርኔቱም ጠፋ። አዲስ አበባ ካለችው ልጄ ጋር በቪዲዮ መተያየት ቀረ። ቀኑን ሙሉ ተኩስ ሳዳምጥ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ማን ጋ ልሂድ? ጓሮ ወጣሁ።»

ጓሮውም ደህና አልነበረም። ጤና አዳም ጥም ይችላል፣ ብርድ ይችላል፤ የማይችለው የቆመ ውሃ ነው። በዚያ ክረምት ውሃ አቁሮበት ሥሩ በስብሶ ነበር። እትዬ አንዲት ያልደረቀች ቅርንጫፍ ሰበሩ። የታች ቅጠሏን መለጡ። አፈሩን ከፍ አድርገው ተከሏትና በገንቦ ስባሪ ከለሏት። በየጠዋቱ ስባሪውን ገለጥ እያደረጉ ያይዋት ነበር። መስከረም ላይ ከጎኗ እንደ ምስር ክክ የምታህል አዲስ ቅጠል ብቅ አለች። «ያን ቀን አለቀስኩ» አሉን። ዛሬ ወገባቸው ድረስ ደርሳለች። ቢጫ አበባዋን አይቻለሁ። ፍሬዋን ለበርበሬ ያደርቁታል። ነፍሰ ጡር ስትመጣ ግን አይሰጡም፤ ለእሷ ጥሩ አይደለም።

ሰውዬው አሁንም ከሐሳቡ አልተመለሰም። «ጤና አዳም ጥይት ይመልሳል?» አለ። ማን ይመልሳል አለ? እትዬ ያሉት ጠዋት የሚነሱበት ምክንያት አገኘሁ ነው። ይኼን መስማት ለምን እንደከበደው አልገባኝም። ጃርቷን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያመጣት እትዬ ቀና አሉ። «ጃርት የሚገባው የሚኮተኩተው ያጣ ጓሮ ነው። እኔ እየኮተኮትኩ ነው።»

እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ። ከመጀመሪያውም ነበርኩ። ከዚያ ሰው ጋር የሚያጣላኝም ጤና አዳም ብቻ አይደለም። አሁን አሁን ሐዘን ካልጮኸ ሐዘን አይመስለንም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደግሞ ሁላችንም ስልካችን ላይ ተደፋን። የሞተው ስንት ነው፣ የማን ወገን ነው፣ ቪዲዮው አለህ ወይ እንባባላለን፤ አጠገባችን ያለውን ሰው ግን አደርክ ወይ አንለውም። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ግማሹ ሰው ስልኩን ያወጣል። እሱን ማንም ቅንጦት አይለውም። አንዲት እናት ቅጠል ስታጠጣ ግን አገር የረሳች እናደርጋታለን።

ጓሮስ የት አለን? ልጅ ሳለን ከየቤቱ ጌሾ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም አይጠፋም ነበር። ዛሬ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ አበባው ፕላስቲክ ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል፣ አቧራ ለብሶ። ባለፈው ሳምንት በእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ምች መታው። እናቱ ዳማከሴ ፍለጋ ሦስት ቤት አንኳኳች። ያገኘችው ሦስተኛው ቤት ነው፣ እትዬ ጋ።