የነከሰ ውሻ ባለቤት የለውም

ባለፈው እሁድ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። ሦስት አጀንዳ ተያዘ፦ የውሃ ታንከር፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ ውሻ። ታንከሩና ደመወዙ በሃያ ደቂቃ አለቁ። ውሻው ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጨቃጨቅን። ከዚያ "ለሚቀጥለው ይተላለፍ" ተብሎ ተበተንን።

ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ የሚያጣላ አልነበረም። ውሻ ያለው ሰው ያስመዝግብ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቦ ወረቀቱን ያሳይ። ከቤት ሲያወጣው በገመድ ይዞት ይውጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ባቷን ተነክሳለች።

ታዲያ አንድ ጎረቤታችን ተነሱ። የተማሩ ሰው ናቸው፣ ሰፈሩም ያከብራቸዋል። "ይሄ የግል ነፃነት መጋፋት ነው" አሉ። "ውሻዬ ንብረቴ ነው። ደግሞ የእኔ ውሻ አይናከስም። እንደ ወንጀለኛ አስሬ የምጎትተው ምን አድርጎ ነው?" ተጨበጨበላቸው። ንግግሩንስ እሺ፣ ሰው የፈለገውን ይናገራል። እኔን ያበገነኝ ጭብጨባው ነው።

"የእኔ ውሻ አይናከስም።" ይህን ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ውሻው ጥርሱን አውጥቶ እየመጣ ነው። አንተ ግድግዳ ላይ ተለጥፈሃል። ከበረንዳ ላይ ድምፅ ይመጣል፦ "አይዞህ፣ አይነካህም! እየተጫወተ ነው!" ወንድሜ፣ እኔ ልጫወት አልመጣሁም። ታክሲ ልይዝ ነው የወጣሁት።

ይኸው አገር ነው ደግሞ በየቪላው በር ላይ በቀይ ቀለም "ኃይለኛ ውሻ አለ" ብሎ የሚጽፈው። በሩ ሲዘጋ ኃይለኛ ነው። በሩ ተከፍቶ ሲወጣ "አይነካም" ይባላል። የትኛውን እንመን? ለሌባ አንበሳ፣ ለጎረቤት በግ የሚሆነው ውሻ መታወቂያ ያያል እንዴ? ውሻው ባለቤቱን አለመንከሱ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። የሚያበላውን እጅማ ለምን ይነክሳል? ጥያቄው የማያውቀውን ልጅ ሲሮጥ ሲያይ ምን ያደርጋል ነው። እሱን ባለቤቱም አያውቅም። የሚታወቀው ከሆነ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጅቷ የተነከሰች ዕለት ማታ ስድስት ሰባት ሆነን የውሻውን ባለቤት ፍለጋ ወጣን። ውሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቡናማ ነው፣ አንድ ጆሮው ተቀዷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃ ሥር ተኝቷል። ልጆቹ "ቦቢ" ይሉታል። ጥበቃዎቹን ጠየቅን። "የ6ኛ ብሎክ ነው" አሉ። 6ኛ ብሎክ ሄድን። "ኧረ የጥበቃዎቹ ነው፣ እኛ አጥንት ብቻ ነው የምንጥልለት" አሉን። አጥንት የሚጥሉለት እናት ደግሞ "እኔ አዝኜለት እንጂ የእኔ አይደለም" አሉ። አንገቱ ላይ ግን ቀበቶ አለ። ቀበቶውን ማን እንዳሰረለት የሚያውቅ ሰው ከአንድ መቶ ምናምን አባወራ መሃል ጠፋ!

ሌሊት ሌባ ሲያባርር የሁላችን ነው። ትርፍራፊ ሲበላ የእገሌ ነው። ልጅ የነከሰ ቀን ግን ከሰማይ የወረደ ነው። የነከሰ ውሻ ባለቤት የለውም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 ከስልሳ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጧል። እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው ድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊ ነው። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ? "አላወቅኩም" አያድንም። "አምልጦኝ ነው" አያድንም። "ገራም ነበር" ጭራሽ አያድንም። በእኛ ሰፈር የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የእኔ አይደለም" ማለት። እሱን ደግሞ ተክነንበታል።

ገመዱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰዉ ገመድ ሲባል የሚታየው የውሻው አንገት ነው። እስቲ ሌላኛውን ጫፍ እዩት። እዚያ ጋ የሰው እጅ አለ። ገመድ ማለት ፊርማ ነው። ይህን ውሻ በገመድ ይዞ ግቢ ውስጥ የዞረ ሰው ነገ "አላውቀውም" ማለት አይችልም። ሰው አይቶታል። ልጆች አይተውታል። ሱቅ ያለችው ልጅ አይታዋለች። መዝገቡም የክትባት ወረቀቱም እንዲሁ ነው፤ ስም ያስጽፋል። ተቃውሞው ታዲያ ከወዴት የመጣ ይመስላችኋል? ለውሻው አንገት ታዝኖ? አይመስለኝም። የጨነቃቸው የራሳቸው እጅ ነው። ነፃነት የተባለው ነገር ተገላልጦ ሲታይ፣ ውሻው በሚጠቅምበት ቀን ባለቤት፣ በሚያስጠይቅበት ቀን መንገደኛ የመሆን መብት ነው። እንዲህ ያለ መብት በየትኛው አገር አለ?

የውሻው ነፃነት ካሉኝ ደግሞ እዚህ ላይ በጣም ነው የምናደደው። እስቲ በየቪላው ግቢ ግቡ። ውሻው ቀኑን ሙሉ በአንድ ሜትር ሰንሰለት ቆርቆሮ ቤቱ ጋ ታስሮ ይውላል። ለምን? ክፉ እንዲሆን! ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ማታ ሲለቀቅ ይብሳል ተብሎ። ይህን ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው ዛሬ "በገመድ መያዝ ግፍ ነው" የሚለው። ሰንሰለቱ ከግንድ ጋር ሲታሰር ግፍ አልነበረም። ከባለቤቱ እጅ ጋር ሲታሰር ግፍ ሆነ። የሀበሻ ውሻ ኑሮው ሁለት ነው፤ ወይ ታስሮ ያብዳል፣ ወይ ተለቆ በመኪና ይጨፈለቃል። ሦስተኛው መንገድ ከባለቤቱ ጋር ሽር ማለት ነው። እሱ ደግሞ ያለ ገመድ አይሆንም።

አሁን ያለን የውሻ ሕግ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ድንጋይ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ኪዳን ልታደርስ የምትወጣ እናት በነጠላዋ ሥር ድንጋይ ይዛ ነው የምትወጣው። ጠዋት የሚሮጥ ወጣት ድንጋይ ይዞ ይሮጣል። ድንጋይ ባይኖር እንኳ ጎንበስ ብሎ ያነሳ መምሰል አለ። ውሾቻችን ይህን ሕግ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ጎንበስ ስትል ይሸሻሉ። በዓለም ላይ እንዲህ በደንብ የተከበረ ሕግ ያለ አይመስለኝም። ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ገና አልተማረችውም። በአንድ እጇ ዳቦ መያዣ ፌስታል፣ በሌላው ብር ይዛ ነበር።

ንክሻ ብቻ ቢሆንስ ቁስሉ ይድናል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አያተርፍም፤ ነገሩ ያልቃል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከሚሞቱት አሥር ሰዎች አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቷ ለውሻ አፍ ይቀርባል። ስትደነግጥ ትሮጣለች። ስትነከስም "እማዬ ትቆጣኛለች" ብላ ትደብቃለች። የእኛዋ የታወቀው ደሟ ካልሲዋን ስላበላሸው ነው። ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ጤና ተቋም መሮጥ ነበር። ስንት ሰው ግን መጀመሪያ ባህል ሐኪም ጋ ይሄዳል። ትልልቆቹ ደግሞ ድሮ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን መርፌ ያስታውሳሉ። አሁን ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም አንሷል። ቢሆንም የልጅቷ እናት ሥራዋን ጥላ በቀጠሮ ትመላለሳለች። የነፃነት ንግግሩ ሲጨበጨብለት እሷ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ልጇን ሦስተኛውን መርፌ ካስወጋች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር፤ ልጅቷ ብቻዬን አልሆንም ብላ አስቀርታታለች።

ጣጣው ከሰውም ያልፋል። ባሌ ተራሮች ላይ ያሉትን ቀይ ቀበሮዎች አስቡ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም ያሉት እኛው አገር ነው። በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ፈጅቷቸዋል። ይዘውባቸው የወጡት የእረኛና የገበሬ ውሾች ናቸው። እነዚያም "የእኔ ውሻ አይናከስም" የተባለላቸው መሆናቸውን አልጠራጠርም።

ስብሰባው ላይ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ አሜሪካን ጠሩ። ወንድማቸው ዋሽንግተን ይኖራል። "እዚያ ውሻ እንደ ልጅ ነው፣ በነፃነት ነው የሚኖረው" አሉ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ወንድምዎን ይደውሉለትና ይጠይቁት። ዋሽንግተን ዲሲ ውሻ ያለው ሰው የእብድ ውሻ ክትባት ማስከተብ ግዴታው ነው። ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው። ለውሻ ከተከለለ ፓርክ ውጭ በገመድ መያዝ ግዴታው ነው። ኩሱን እንኳ በፌስታል አንስቶ ይሄዳል! እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ያገራችን ልጅ በበረዶ ቆሞ የውሻውን ኩስ ይለቅማል፣ እዚህ ያለው ወንድሙ ገመድ መያዝ ከበደው። ከፈረንጅ የምንወስደው ሁልጊዜ ግማሹን ነው።

አንድ ነገር ልመን። ገመድ ብቻውን መንገድ ላይ የተወለደውን ውሻ አያስቆምም። በየቆሻሻ ገንዳውና በየሥጋ ቤቱ ደጅ ያለው መንጋ ባለቤት ይዞት አይዞርም። እሺ። ግን ይህ መንጋ ከየት መጣ? ወንዱን ቡችላ ለጥበቃ መርጦ ሴቷን በማዳበሪያ ከረጢት ወንዝ ዳር የሚጥለው ማነው? ባለቤት ነው፤ ያውም ያልተመዘገበ ባለቤት። ስለዚህ ይቺን ያመንኩትንም ግማሿን መልሼ ወስጃለሁ።

ከዚያኛው ጥግ ደግሞ "መርዝ እንበትን" ያሉ ነበሩ። ይህቺ ከተማ ይህንን ደጋግማ ሞክራዋለች። መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጣላል፣ ጠዋት ሬሳ በጋሪ ይለቀማል። በወሩ ሌላ መንጋ ይመጣል። ገንዳው እዚያው ነዋ! በአንጻሩ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ለመከተብ ደግሞ ውሻውን ይዞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። ሰውየው ጠፋ ነው እኮ የምላችሁ። መርዝ ባዮቹና ነፃነት ባዮቹ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሁለቱም ዘንድ ባለቤት የሚባል ነገር የለም።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ አባቶች። ለአንድ የተከበሩ ሰው ውሻ "እሱስ ጨዋ ነው" ብለን አጥሩን ብንከፍት፣ ነገ ያ ጆሮው የተቀደደውም፣ ከሌላ ሰፈር የመጣውም በዚያው ይገባል። ደግሞ ጨዋነቱን የሚመሰክረው ማን ሊሆን ነው? ባለቤቱ?

ቦቢ አሁንም ደረጃው ሥር ነው። እንደ ደንቡ ከነከሰ በኋላ አሥር ቀን ለብቻው ታስሮ መታየት ነበረበት። ማን ይሰረው? ኮሚቴው ባለቤቱን ሲጠብቅ፣ እኛም ኮሚቴውን ስንጠብቅ አሥሩ ቀን አለፈ። ደህና ሆነ፣ ተመስገን። ልጆቹ እንደገና አብረውት መጫወት ጀምረዋል።

የሚቀጥለው ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እመጣለሁ። የመጣው ይምጣ፣ እጄን ቀድሜ ነው የማወጣው። እስከዚያ ግን ሌሊት ስወጣ ከ4ኛ ብሎክ ጥግ ካለው የአሸዋ ክምር ላይ አንድ ለእጅ የምትመች ድንጋይ አነሳለሁ፤ ስመለስም እዚያው አስቀምጣታለሁ። ትናንት ሳያት ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ሌላም ሰው አግኝቷታል ማለት ነው።