ጀበናዋ ትምጣ፣ ሠሪዋ ትቅር

ምስጋና ለሚገባው ይሰጥ። ዛሬ የማመሰግነው እኛኑ ነው፤ ባህላችንን በቱሪዝም እናንሠራራለን ብለን ወገባችንን የታጠቅን የከተማ ሰዎችን።

እስቲ አንዱን ስብሰባችንን እንይ። የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ። መድረኩ ፊት ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ፕላስቲክ ነው፤ ታዲያ ምን አለበት? አይጠወልግም፣ ለሚቀጥለውም ስብሰባ ይጠቀለላል። ተናጋሪው "እምቅ የቱሪዝም ሀብት" ይላል። ተከታዩም "እምቅ" ይላል። ሀብቱ ይህን ያህል ዘመን ታምቆ የቆየው በጥንቃቄ ስለያዝነው መሆን አለበት። ከዚያ "ጭስ አልባው ኢንዱስትሪ" ይመጣል፣ ይጨበጨባል፣ ለሻይ እንወጣለን። ጥጉ ላይ ጀበና ተጥዳለች። ተራ በተራ አብረናት ፎቶ እንነሣለን።

ማን ሠራት? እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው። ጨዋ ሰው ጀበና ይወዳል እንጂ ሸክላ ሠሪ አያውቅም። ቱሪስቱ ደፍሮ ከጠየቀም አስጎብኚው መልስ አለው፦ "የአካባቢው ማኅበረሰብ"።

ስለ ሸክላ ሠሪ እኛ የምናውቀው ሌላ ነው። ቡዳ ናት። ዓይኗ ያረፈበት ልጅ አያድግም። ሌሊት ጅብ ትሆናለች። ሲነጋ ደግሞ አፈር ትቆፍራለች፣ ትወቅጣለች፣ ታቦካለች፣ በእጇ ታበጃለች፣ አድርቃ በኩበትና በጭራሮ ትተኩሳለች። ሌሊቱን ጅብ ሆና አድራ ቀኑን እንዲህ መሥራቷ፣ መቼም ጉልበቷ የሚደነቅ ነው። ጭስ አልባው ኢንዱስትሪ ጭሱን የት እንደጣለው የቸገረውም የእሷን ዓይን ይመልከት።

ገበያ ላይ ስናገኛት ምጣዱን በጣታችን ኳ ኳ እናደርጋለን፣ ድምፁን እናዳምጣለን፣ የጠራችውን ዋጋ በግማሽ እናወርዳለን። ምጣዱ ቤታችን ይገባል። እሷ አትገባም። ልጇን ለልጃችን? እግዜር ያርቅልን! ቡዳ በእጇ ጠፍጥፋ በሠራችው ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ግን በየቀኑ እንበላለን። እሱ እኛን በልቶን አያውቅም። ይህን ምሥጢር የሚያጠና ምሁር እስካሁን አልተገኘም።

የጥበባችን ጥግ ያለው ግን ወለቃ ነው። ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር። ጎረቤቱ "ፈላሻ" የሚላቸው የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ርስት የተነፈገ ሰው እጁን ርስት ያደርጋል። ጎረቤቱ ማረሻውን ከእነሱ ገዝቶ እያማተበ ወደ እርሻው ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት፣ ዘመቻ ሙሴና ዘመቻ ሰሎሞን በተባሉት ጉዞዎችም ጭምር፣ የአገሩ ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ።

ሰዎቹ ሄዱ፤ ሸክላው ግን ቀረ። ከተረፉት ጎረቤቶች መካከል ክርስቲያን ሴቶች ሙያውን ያዙት። የዳዊት ኮከብ ያለበት፣ የይሁዳ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ የተኙበት፤ ሁሉም በየመጠኑ አለ። ሰው ሲያሸሽ የኖረው ስም ታፔላ ላይ ወጣና መኪና ያስቆም ጀመር። (ሴቶቹን አላማም። ጭቃ አቡክተው ልጅ ያሳድጋሉ። ስድቡም ከሙያው ጋር ሳይወርሳቸው አልቀረም።)

ባህልን እንዲህ መጠበቅ ማን ያውቅበታል? ባለቤቱ አጠገባችን ካለ ይናገራል፣ ይከፋዋል፣ አንዳንዴም ዋጋ ይጨምራል። ሲሄድ ግን ትዝታው ጸጥ ብሎ ይሸጣል። ያኔ እኛም "አብረን በፍቅር እንኖር ነበር" እያልን ለእንግዳው እናስረዳለን፤ እንግዳው በማስታወሻ ደብተሩ ይጽፋል።

ሸማኔውንም አልረሳነውም። ኅዳር 29 ሲደርስ ከራስ እስከ እግር ጥለት በጥለት ነን። "ሸማኔ" ማለት ግን ያው ስድብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው እየጠራችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። እኛም ትእዛዝ አክባሪዎች ነንና ፊት ለፊት መሳደቡን ትተን ወደ ሐሜት አዛወርነው። አሁን ደግሞ የተሻለ መፍትሔ መጥቶልናል፦ ጥለቱ በፋብሪካ የታተመ፣ ከባሕር ማዶ በጥቅል የሚገባ "የሐበሻ ቀሚስ"። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሸማኔ የለበትም። ሽሮ ሜዳ መሸመኛው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውለው ሰውዬም ከጥለቱ ጋር ስሙ ከሚነሣ ይረፍ።

አዝማሪውማ ዕድለኛ ነው። ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን። ልጃችን "አዝማሪ መሆን እፈልጋለሁ" ካለን ግን የእሱን ግንባር የምንመታው በሌላ ነገር ነው።

እናም የሚቀጥለውን ዕቅዳችንን ላብሥር። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ኮሚቴው እንደሚቀበለው አልጠራጠርም። ታላቅ የሸክላ ፌስቲቫል! አደባባዩ ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ ግዙፍ ጀበና ይቆማል። የሚሠራው ኢንጂነር ነው፤ የተማረ ሰው ስለሆነ ማንም ቡዳ አይለውም። ቲሸርት ይታተማል። ሦስት ባለሥልጣናት ይናገራሉ፣ ሁለቱ "እምቅ" ይላሉ፣ አንዱ ለለውጥ ያህል "ያልተነካ" ይላል። ስለ ሸክላ ታሪክ የሚቀርበውን ጥናት ሸክላ ነክቶ የማያውቅ ሰው ያቀርባል፤ ገለልተኛ መሆን አለበትና።

ሸክላ ሠሪዎቹም አይረሱም። ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ፣ አጥሩ ሥር ቦታ ይያዝላቸዋል። ለክብር እንግዶች የሚሰጡትን ጀበናዎች ከእነሱ እንገዛለን። ዋጋውን አስተባባሪው ይነጋገራል። አንዷን ጀበና አንሥቶ፣ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ "እናቴ፣ ቀንሺልን እንጂ፣ ለአገር ገጽታ እኮ ነው!" ይላታል።