ከማን ተጣልተህ ነው ውጭ የምታድረው?

ሲያትል መኖር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ደወል ይጮሃል፣ መሣሪያ ጢጥ ይላል፣ ሰው ይጣራል። ዕረፍት ሳገኝ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ያለ ቦታ። ከቤት ኪራይና አገር ቤት ከምልከው ተርፎ ለሽርሽር የሚሆን ገንዘብ ግን እጄ ላይ አይቆይም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ባልደረባዬ፣ ድንኳን ያለው ሰው ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት ለማደር ከነዳጅና ከምግብ ሌላ ብዙም እንደማያስፈልገው ሲነግረኝ ከልቤ ሰማሁት። ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት መደብር አሮጌ ድንኳን ገዛሁ፣ ስሊፒንግ ባጉን ከጓደኛ ተዋስኩ፣ እና ኖርዝ ካስኬድስ ብሔራዊ ፓርክ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እሄዳለሁ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመ ነው። ከ300 በላይ የበረዶ ግግሮች አሉት፤ ከሲያትል ተነስቶ የእግር መንገዱ እስከሚጀምርበት ድረስ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። በዚያው ክፍለ ግዛት ያለውን ሌላውን ብሔራዊ ፓርክ፣ ማውንት ሬኒየርን፣ በዓመት ከሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል። ወደ ኖርዝ ካስኬድስ የሚገባው ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ነው። የመግቢያ ክፍያ የለም። ማደር የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ያወጣል፤ በየማደሪያው የሚያድረው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ። ከፈቃዱ ከፊሉ ቀደም ብሎ ይያዛል፣ የቀረው በአካል ለሚመጣ ይቀመጣል። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ለእኔ ትልቅ ናት። የፈረቃ ሠራተኛ ከወራት በፊት ቀን ቆርጦ መያዝ አይችልም። እኔ ማርብልማውንት በምትባለው ትንሽ መንደር በሌሊት ደርሼ እሰለፋለሁ። ሠራተኛዋ የት እንደማድር ትጽፋለች፣ ምግቤን ድብ እንዳይበላው ጠንካራ የፕላስቲክ ጣሳ ታውሰኛለች፣ ቆሻሻዬን ይዤ እንድመለስ ታስጠነቅቀኛለች። ሀብታሙም እኔም እዚያች ሰልፍ ላይ እኩል ነን።

ካስኬድ ፓስ የሚባለው መንገድ ከ30 በላይ እጥፋት አለው። ጠመዝማዛ ስለሆነ ጉልበት አይጎዳም፣ ዳገቱ እያባበለ ነው የሚያወጣው። 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ በሩ ላይ፣ በተራሮቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ላይ፣ ትደርሳለህ፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ሳሃሌ የሚባለው ግግር ሥር፣ ድንጋይ ክብ ተደርጎ የተካበባቸው የድንኳን ቦታዎች አሉ። ካቡ ነፋስ ለመከላከል ነው። ማታ የተራራ ፍየሎች ጨው ፍለጋ ድንኳኑ አጠገብ ድረስ ይመጣሉ። ያ ማደሪያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነበው ደግሜ አየሁት። ተወልጄ ያደግኩባት አዲስ አበባ ከዚህ ከፍ ትላለች! ፈረንጆቹ ከፍታው ትንፋሽ አሳጠረን ሲሉ እኔ ከአራዳ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ፣ በረዶ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር። በረዶውን ያመጣው ከፍታው ብቻ ሳይሆን የሰሜኑ ብርድም ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። በዙሪያዬ ያሉት ሰዎች የሚበሉት በብርድ የደረቀ፣ ፈላ ውኃ ሲጨመርበት የሚርስ የታሸገ ምግብ ነው። አንዷ እሽግ ከ10 እስከ 15 ዶላር ታወጣለች። እኔ የያዝኩት እህቴ በሰው እጅ የላከችልኝን በሶ ነበር። በኩባያ ትንሽ በሶ፣ ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ሚጥሚጣ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ፣ ከዚያ በእጅ ጭብጥ አድርጎ እየጠቀለሉ መብላት ነው። እሳት አይፈልግም፣ ዕቃ አይፈልግም፣ ሸክሙ ቀላል ነው፣ እስከ ማታ ይይዛል። በዶላር የሚሸጠው ጥበብ እኛ ቤት ስንቅ ይባላል። አያቴ ለኅዳር ጽዮን አክሱም፣ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ስትሄድ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዛ፣ አጎዛዋን ጠቅልላ፣ በእግሯ ነበር። ሌሊቱን ያገኘችበት ታድራለች። አንዳንድ ወጣቶቻችን ይህን የእግር ጉዞ የፈረንጅ ነገር ነው ሲሉ ስሰማ ያሳዝነኛል። የእኛ ነው።

አምና ኅዳር አገር ቤት ስገባ ድንኳኔን ይዤ ገባሁ። እህቴ የምትኖረው ከአየር ጤና አልፎ፣ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ፣ ዓለም ገና ነው። ከግቢዋ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚያይ ወጨጫ ተራራ ፊት ለፊት ነው። 3,385 ሜትር ከፍታ አለው። ሳሃሌ ሥር ካደርኩባት ቦታ አንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ለዚህ ተራራ አውሮፕላን፣ ቀጠሮ፣ ኪራይ መኪና አያስፈልግም። ሚኒባስ ብቻ ነው።

እህቴ ግን ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች።

«ጫካ ውስጥ ማደር? ምን አጣህና? ቤት የለህም?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጇ አብሬ ልሂድ ሲል ደግሞ ብሶባት ነበር። ንዴቷ ከፍርሃት ነው። ጅቡ አለ፣ ብርዱ አለ፣ የጊዜው ሁኔታ አለ። የጊዜውን ነገር እኔም ቀላል አድርጌ አላየሁትም፤ ሰበታ ያሉ ዘመዶቻችን የአካባቢውን ሰላም ጠይቀው «ደህና ነው፣ ሂዱ» እስኪሉን ሦስት ቀን ጠብቀናል። ነገር ግን ከፍርሃቱ በታች ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው። በእኛ አገር ውጭ የሚያድረው ሰው የታወቀ ነው። ወይ እረኛ ነው፣ ወይ ባሕታዊ ነው፣ ወይ ሽፍታ ነው፣ ወይ ቤት ያጣ ድሃ ነው። ጥሩ ቤት እያለው፣ ደስ ብሎት፣ በፈቃዱ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ቦታ አልተሰጠውም። አሜሪካ ውስጥ በድልድይ ሥር በድንኳን የሚያድረው ሰውና ተራራ ላይ በድንኳን የሚያድረው ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው የማይገናኙ ዓለሞች ናቸው። እህቴ የታያት የመጀመሪያው ነው። አልፈረድኩባትም።

መናገሻ ሱባ ደን የወጨጫ ክፍል ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። አብሮን የሄደው የአካባቢው ወጣት እየቆመ ያሳየን ነበር። እኔ ጥድ ስል እሱ ጋቲራ ይላል፤ ዝግባውን ብርብርሳ፣ ወይራውን ኤጀርሳ፣ ኮሶውን ሄጦ ይለዋል። የእህቴ ልጅ ተወልዶ ያደገው ይህን ተራራ እያየ ነው፤ ዝግባ ሲነካ ግን በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ እጆቹ እንዳልተገናኙ አሳየን። እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ አፄ ምኒልክ ለማገዶ ያስመጡት እንግዳ ተክል መሆኑን እዚያው ነገርኩት። ከተማችን በሌላ አገር ዛፍ ጥላ ሥር አድጋ፣ የራሷ ዛፍ የአንድ ሚኒባስ መንገድ ርቀት ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነው።

ከጫካው ውስጥ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጭ ጅራታቸው እንደ ነጠላ ጫፍ ይንሳፈፋል። ወጣቱ ድኩላ አይቶ በጣቱ ዝም በሉ ሲለን ሦስታችንም ቆምን። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ከሲያትል ወጥቼ የምፈልገው ነገር ይኸው ነበር፤ እዚህም አለ። ከፍ ሲሉ ዛፉ እያጠረ፣ አስታው እየመጣ፣ በመጨረሻ ሣርና ድንጋይ ብቻ ይሆናል። ከላይ ሆነን አዲስ አበባን በጭስ ተሸፍና አየናት። በመንገዱ ዳር ግን የውኃ ፕላስቲክ አልጠፋም። የእህቴ ልጅ ለበሶ በያዝነው ፌስታል መልቀም ጀመረ፤ ፌስታሉ ሞልቶ ቦርሳዬ ውስጥ ሁሉ ጨመርን።

ያደርነው የወጣቱ አባት ግቢ ውስጥ ነው፣ ከደኑ ጫፍ። አባቱ ከጭድ ክምሩ አጠገብ ደልዳላ ቦታ አሳይተውን «እዚህ ትከሉ» አሉን። ድንኳኑን ስወጥር እናቱ መጡና ትንሽ ቆመው አዩኝ። አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር እየተቀላቀለ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ከማን ተጣልተህ ነው ውጭ የምታድረው?»

ከማንም እንዳልተጣላሁ፣ ደስ ስለሚለኝ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ከዚያ «እንግዳ ውጭ አድሮ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል?» አሉ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ የተስማማነው እራትና ቡናውን ቤት ውስጥ ሆነን፣ ውሻው ድንኳኑ አጠገብ ታስሮ፣ እንድንተኛ ነው። ሌሊት ጅብ ከሩቅ ጮኸ። አባትየው ሁለት ጊዜ ባትሪ እያበሩ መጥተው «ደህና ናችሁ?» ብለው ተመለሱ። ሳሃሌ ሥር ሳድር እዚያ መኖሬን የሚያውቀው ድንኳኔ ላይ የታሰረ የፈቃድ ወረቀት ብቻ ነበር። ያን ብቸኝነት እወደዋለሁ፤ ፈልጌው የምሄደው ነው። የባትሪውን ብርሃን በድንኳኑ ጨርቅ ውስጥ ሳየው ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስንት ዓመት ሆነኝ፣ ተኝቼ ሳለ አንድ ሰው ደህና መሆኔን ለማየት ከተነሳ? እኔ ነኝ በየሌሊቱ ለሌሎች የምነሳው።

ለአገር ቤት የምመኘው የዚያኛውን ፓርክ ግልባጭ አይደለም። የአሜሪካ ፓርኮች ፀጥታ የራሱ ታሪክ አለው። ካስኬድ ፓስ ላይ የተገኘ ቅሪት ሰዎች ያን በር ከ9,600 ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠቀሙበት እንደነበር ያሳያል፤ እኔ ስሄድ ግን እረኛም ቤትም የለም፣ ተራራው ለእንደኔ ዓይነቱ አላፊ መንገደኛ ብቻ ነው። እኛም በሰሜን ተራሮች ይህን ጥያቄ አይተነዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከቤታቸው ተነስተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዋልያው እንዲተርፍ እፈልጋለሁ። ግን ግቢውን ለቆ የሄደ አባወራ ባትሪ ይዞ መጥቶ ደህና ናችሁ ወይ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። እዚያው ሰሜን ውስጥ መንገደኛው ያለ ጠባቂ አይገባም፣ በቅሎ ጫኙና አብሳዩም ከጉዞው እንጀራ ይበላሉ። ስለዚህ ሰውና ደን አብረው መኖራቸው የማይሞከር ነገር አይደለም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉት ለወጨጫ፣ ለየረር፣ ለእንጦጦ የሚያስፈልገው ርካሽ ነገር ነው። ድንጋይ ላይ በቀለም የተቀባ ምልክት። ለድንኳን የተደለደለች ቦታና አንድ መጸዳጃ። ለሁሉም የሚታይ፣ የተማሪ ኪስ የሚችለው ዋጋ። መንገድ የሚመሩ የአካባቢው ልጆች በተራ የሚጻፉበት ደብተር። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ ቤተሰብ ዛፍ ሥር ቁጭ ማለት ተለማምዷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የሚቀረው ቁጭ ካሉበት ተነስቶ መሄድ፣ ሄዶም ማደር ነው። ዋጋው የሆቴልና የሎጅ ብቻ ከሆነ ግን ተራራው ከዓለም ገና ልጅ ይልቅ ለእኔ ለዳያስፖራው ይቀርባል። ይህን አልፈልግም።

ሲያትል ከተመለስኩ በኋላ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለጥር ሊሄዱ ነው፤ የሚኒባሱን፣ የመንገድ መሪውን፣ ግቢያቸው ላሳደሩን እማማ የሚወሰደውን ቡናና ስኳር ለአራት አካፍለው አስልተውታል። ድንኳኑ እሱ ዘንድ ነው። እህቴ ስልኩን ተቀበለችው። ከእነዚያ ሰዎች ግቢ ውጭ እንዳያድሩ አስምላቸዋለች፣ ማታ ማታም መደወል አለባቸው። ከዚያ ለአራት ልጅ ለሁለት ቀን ስንት ኪሎ ገብስ ብትቆላ እንደሚበቃ ጠየቀችኝ። ሁለት ኪሎ አልኳት። «አይበቃም፣ ሦስት አደርገዋለሁ» አለች።