በሬው ተኛ፣ ሻጩ አፈሩን ከሰሰ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ያለ አንድ የኮምፒውተር መደብር በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ማሳሰቢያ ለጠፈ። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። ማሳሰቢያው ሦስት መስመር ነው። በእኛ በኩል የተገዛ ጌም ቢሠራም ባይሠራም ገንዘብ አይመለስም፤ ጌም ኮድ እንጂ ዕቃ አይደለም፤ አልሠራም ካላችሁ ችግሩ የኮምፒውተራችሁ ነው። ከሥሩ አውራ ጣታቸውን ያስቀመጡት ሰዎች ብዛት ከማሳሰቢያው ይበልጥ አናደደኝ።

ነገሩ ቤቴ የገባ ነገር መሆኑን አልደብቅም። ደብረ ማርቆስ አብሮኝ የሚኖረው የእህቴ ልጅ፣ ክረምቱን ሙሉ ሞባይል ጥገና ቤት ሲላላክ ካጠራቀማት ላይ 2,600 ብር ለዚሁ መደብር በቴሌብር ላከ። ከመላኩ በፊት የላፕቶፑን ፕሮሰሰር፣ ራምና ግራፊክስ ካርድ የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ አንስቶ አሳይቷቸዋል። «ያለ ችግር ይሠራል» አሉት። ላፕቶፑን አምና የሸጡለትም እነሱው ናቸው። ደረሰኝ አልቆረጡለትም፤ በእጁ ያለው የቴሌብር መልእክትና ያቺ «ያለ ችግር ይሠራል» የምትል መልስ ናት።

ጌሙ የመኪና እሽቅድምድም ነው፣ 64 ጊጋባይት። መብራት እየሄደ እየመጣ በአምስት ሌሊት ወረደ። በስድስተኛው ማታ ቡና እየጠጣን ከፈተው። መጀመሪያ ሼደር (ሥዕሉን የሚስለውን ኮድ) እያዘጋጀሁ ነው የሚል ጽሑፍና አንድ ቀጭን መስመር መጣ። መስመሩ እስኪሞላ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ከዚያ ውድድሩ ተጀመረ ተባለ፤ ሞተሩ አጓራ፣ ሥዕሉ ግን እንደቆመ ነው። «ጋሼ፣ መኪናው ሳይነሳ ድምፁ ፍኖተ ሰላም ገባ» አለኝ። ሳቅን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ደርቆ ቀረ፣ ተዘጋ። ደግሞ ከፈተው፣ ደግሞ እዚያው መታጠፊያ ላይ ተዘጋ። ሦስተኛው ላይ ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ ወደ ማሳሰቢያው። «ጌም ዕቃ አይደለም» ያለው ሰው ነገር ያገኘ መስሎታል። ዕቃ ካልሆነ ምንድን ነው የሸጥከው? 2,600 ብር የተቀበልክበትን ነገር ስም አውጣለትና እንነጋገር። አገልግሎት ነው ብትል፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ያ የሸማቾች ጥበቃ የምንለው፣ የሚናገረው ስለ ዕቃም ስለ አገልግሎትም ነው፤ ጉድለት የተገኘበትን የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ የማለት መብት አለው። ዕቃ ነው ብትል ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 ላይ ይጠብቅሃል፤ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። በየትኛውም በር ብትወጣ ሕጉ ደጅ ላይ ቆሟል። በዚህ ክርክር ደግሞ ካንተ የገዘፈ ሞክሮት ወድቋል። የእኛም ጌም የወረደበትን ስቲም የተባለ የኢንተርኔት ጌም መደብር የሚያስተዳድረው ቫልቭ አውስትራሊያ ውስጥ ተከሶ እኔ የምሰጠው ዕቃ አይደለም ሲል ተከራክሮ ነበር። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ዕቃ ነው አለው፤ ገንዘብ አይመለስም እያለ ደንበኞቹን አሳስቷል ብሎም እ.ኤ.አ. በ2016 ሦስት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው። ባሕር ዳር ላይ በሦስት መስመር ቴሌግራም የሚያመልጥ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል።

የቆየው በሽታ ግን በየሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትባለዋ ወረቀት ናት። ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየናት ሕግ መስላናለች። ማን እንዳወጀልን አንጠይቅም። ከአባቶቻችን የመጣች የገበያ ሥርዓት ናት የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። የአባቶቻችን? ጎጃም ላይ? እስቲ ስለ በሬ እናውራ።

አባቴ ደምበጫ ገበያ በሬ ገዛ። እንደ ወጉ ጥርሱን አየ፣ ሽንጡን ዳሰሰ፣ አስኪዶ አረማመዱን ተመለከተ፣ ሻጩም የሚታወቅ ዋስ ጠራ። በሬው ሲያዩት ሸጋ ነው፤ ጸጉሩ የሚያብለጨልጭ፣ ቀንዱ የተስተካከለ። እቤት አድሮ በማግስቱ ተጠመደ። አንዱን ትልም ሄደ፣ ሁለተኛውን ሄደ፣ ሦስተኛው መሐል ላይ ተኛ። ቀንበሩን እንዳዘለ ዝም ብሎ ተኛ። ጅራፍ ቢጮህ ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። አባቴ ፈቶ አሳረፈው፣ ከሰዓት ጠመደው፣ ተኛ። ለጋሚ ነው። አባቴ አልተሳደበም፤ በሬውን እየነዳ ሁለት ሽማግሌና ያንን ዋስ ይዞ ሻጩ ደጅ ሄደ። እኔም ስንቅ ይዤ ከኋላ ነበርኩ።

ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በሬዬ ነውር የለበትም። የእናንተ መሬት ነው ዋልካው፤ የእኔ በሬ የለመደው ቀይ አፈር ነው።» ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ ስትሸጥለት አገሩን ጠይቀኸው ነበር? አሉት። አዎ አለ፤ ከወዲያ ማዶ ነኝ ብሎኛል። እንግዲያውስ ዋልካ እንደሚያርስ እያወቅህ ነው የሸጥክለት፤ ደግሞስ የጎጃም በሬ ጭቃ ካልቻለ ምን ሊችል ነው? አሉና ነገሩ እዚያው አለቀ። ብሩ ተቆጠረ፣ በሬው በረቱ ገባ፣ ጠላ ቀረበ። ማንም ሰው በሬው እኮ ሁለት ትልም አርሶልሃል፣ የሁለት ትልም ይቀነስ አላለም። ማንም ሰው በሬ ከገበያ ከወጣ አይመለስም አላለም። ቢል ኖሮ በሚቀጥለው ገበያ ዋስ የሚሆነው ሰው ባላገኘ።

አሁን ያንን ሻጭ አንሡና ባሕር ዳር መደብር ውስጥ አስቀምጡት። ቃሉ አንድ ነው፤ አፈሩ ኮምፒውተር ሆነ እንጂ። የእህቴ ልጅ አፈሩን ፎቶ አንስቶ ልኮ ነበር! እንዲያውም አፈሩን የሸጡለት እነሱ ናቸው! ዋልካ ሸጠውለት፣ ዋልካ የማያርስ በሬ ሸጠውለት፣ ሲመለስ ዋልካህ ነው ጥፋተኛው ይሉታል። የደምበጫው ሰውዬ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ መሬቱን አልሸጠልንም።

ከማሳሰቢያው ሥር አንዱ፣ ልጆቹ ጌሙን ጨርሰው ተጫውተው ነው ብር መልሱ የሚሉት ብሎ ጽፏል። ይህ ሰው ስቲም ከፍቶ አያውቅም። ስቲም ስንት ደቂቃ እንደተጫወትክ ቆጥሮ ስምህ ሥር ያስቀምጠዋል። እኛ ቤት የሚለው 47 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አንዱ ያቺን ቀጭን መስመር ያየንበት ነው። በ47 ደቂቃ ተጫውተውት የሚያልቅ የመኪና ውድድር ካለ አሳዩኝ። ደግሞስ ቢጫወትስ? እ.ኤ.አ. በ2015 ባትማን አርካም ናይት የተባለው ጌም ለኮምፒውተር ሲወጣ እንዲሁ እየተንቀጠቀጠ አላስኬድ ብሎ ነበር። አሳታሚው ሽያጩን በቀናት ውስጥ አቆመ፤ ወራት ቆይቶ ሲመልሰውም ምን ያህል ሰዓት እንደተጫወቱ ሳይቆጥር ገንዘብ ለፈለገ መለሰ። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውንም ጌም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በወጣ በሳምንቱ ሶኒ ከፕሌይስቴሽን መደብሩ አውርዶ ለገዙት ሙሉ ገንዘብ እመልሳለሁ አለ። እነዚህ የዋሆች ስለሆኑ አይደለም። የማይሠራ ነገር ሸጦ ብር ይዞ መቀመጥ ነውር መሆኑን ቢዘገዩም አውቀውታል፤ የእኛው ሰው ግን ነውሩን ማሳሰቢያ ብሎ ለጠፈው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ቦታ ልምጣ። ከእኛ አገር በብር ካርድ ውጭ መክፈል የማይታሰብ ስለሆነ ልጆቹ በመደብሩ በኩል ይገዛሉ፤ መደብሩ በዶላር ከፍሎ ጌሙን በስጦታ መልክ ወደ ልጁ አካውንት ይልከዋል። የስቲም ደንብ ግልጽ ነው። በገዛህ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ ይመለስልሃል። ስጦታ ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን የሚያቀርበው ተቀባዩ ነው፤ ገንዘቡ የሚሄደው ግን መጀመሪያ ወደከፈለው ነው። ማለትም ወደ መደብሩ። ልጁ ገንዘቤ ይመለስ የምትለዋን ቁልፍ ቢጫን ጌሙ ከእጁ ይወጣል፣ ዶላሩ መደብሩ ይገባል፣ መደብሩ ደግሞ ገንዘብ አይመለስም ብሎ ለጥፏል። ታዲያ እስከ ዛሬ ስንት ልጅ ተጫነ? የተመለሰውስ ዶላር የማን ኪስ ገባ? ማስረጃ በእጄ የለም፤ ግን እንዲህ ዓይነት ማሳሰቢያ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣበት ቅር ሊለው አይገባም።

14 ቀን ራሱ ለእኛ 14 ቀን አይደለም። አምስቱን ማውረድ በላው። ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በከረመበት ክልል እየኖርን ሰዓቱ ከተከፈለበት ደቂቃ ጀምሮ ይቆጠርብናል። ይህን ስቲም ላያውቅ ይችላል። ባሕር ዳር ያለው ነጋዴ ግን ያውቃል፤ መብራቱ የሚጠፋው ለእሱም ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ለጌሙ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ዝርዝር ሳያነብ፣ ማንንም ሳይጠይቅ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የጫነ ሰው ራሱን ይውቀስ። ከጌም ቤት በሃርድ ዲስክ አስገልብጦ አልሠራ ያለውም ማንን ይከሳል? የእህቴ ልጅ ጓደኞች ግን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በሃምሳ ብር ያስገለብጣሉ፣ ካልሠራ ሌላ ያስገለብጣሉ። እሱ ብቻ ነው ኦሪጅናል ልግዛ ብሎ የክረምት ላቡን የከፈለው። አሁን ሲስቁበት ይውላሉ።

ጌም ቅንጦት ነው፣ በዚህ ኑሮ ውድነት ስለ ጌም ይጻፋል ወይ የምትሉኝም አላችሁ። 2,600 ብር ቅንጦት ከሆነ መልሱለታ።

ዛሬ ከከፈለ አሥረኛው ቀን ነው። ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ባሕር ዳር እገባለሁ፤ ላፕቶፑን፣ የቴሌብሩን መልእክትና የእህቴን ልጅ ይዤ። ጠረጴዛችሁ ላይ እንከፍተዋለን፣ ሠላሳ አንዱን ደቂቃ አብረን እንቀመጣለን። መኪናው ያንን መታጠፊያ ካለፈ የትራንስፖርታችንንም አልጠይቅ። ካላለፈ ልጁ ቁልፏን የሚጫነው እናንተ ብሩን ቆጥራችሁ እጁ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ነው።