ወሸባ ወይስ ለይቶ ማቆያ?

በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ገባ። በዚያው ወር ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። አንዱን ነገር በሦስት ስም መጥራት የጀመርነው ያኔ ነው፦ ኳራንቲን፣ ለይቶ ማቆያ፣ ወሸባ። እስከ ዛሬ በአንዱ አልጸናንም። የትኛው ይሻላል? አንድ ተርጓሚና በዚያ ወቅት ለይቶ ማቆያ ውስጥ የሠራች ነርስ ይከራከራሉ።

ተርጓሚው፦

እኔ ወሸባ ባይ ነኝ። ኳራንቲንን ቶሎ ልሻገረው። ቃሉ የቬኒስ ሰዎች ነው፤ መነሻው «አርባ ቀን» ማለት ነው። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የራጉሳ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1377 ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው ከከተማው ውጭ 30 ቀን እንዲቆይ አዘዘች። በኋላ ቀኑ ወደ 40 ከፍ አለ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አርባ ቀንማ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ተዝካርም የሚወጣው በአርባ ነው። ግን «ኳራንቲን» ሲባል አርባ ቀን ትዝ የሚለው አማርኛ ተናጋሪ የለም።

ወሸባ የራሳችን ነው። ድሮ ሰው ጠንከር ያለ የአገር መድኃኒት ሲወስድ ከሰው ተለይቶ ቤት ይዘጋ ነበር። «ወሸባ ገባ» ይባላል። ልጅ ሆኜ አንድ ጎረቤታችን ወሸባ ገብተው ነበር። በራቸው ላይ ጋቢ ተጋርዷል። እናቴ ምግቡን ደጃፉ ላይ ታስቀምጥና ድምፅዋን አሰምታ ትመለሳለች። እኛ ልጆቹ በዚያ በኩል ስናልፍ አንጮህም። «ምን አጥፍተው ነው?» ያለ ሰው አልነበረም። ወሸባ ናቸው፣ በቃ። የወጡ ዕለት ቡና ተፈላ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃዎት አላቸው። እንዲህ ያለ ክብር ያለው ቃል እያለን ለምን ሌላ እንፈልጋለን?

ነርሷ፦

ጋሼ፣ የጎረቤትዎ ነገር ልቤን ነክቶኛል። እኔም ያየሁትን ልንገርዎት።

ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ነበር ያረፉት። ተማሪው ወደ ቤቱ ተሸኝቷል። ተደራራቢ አልጋ፣ በየበሩ ባልዲና ሳሙና። አንድ ማታ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። እናትየው ገጠር ናቸው። «ኳራንቲን ነኝ» አለቻቸው። ከወዲያ ዝም። ቆይተው «እስር ቤት ነው? ምን አደረግሽ ልጄ?» አሉ። ልጅቷ እንባዋ መጣ። ስልኩን ተቀበልኳት። «እማማ፣ አልታሰረችም፤ አልታመመችም። በሽታው እንዳልያዛት እስክናውቅ ለይተን አቆይተናታል። 14 ቀኑ ሲሞላ ትመጣለች» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው።

ለይቶ ማቆያ አስተርጓሚ አይፈልግም፤ ስሙ ሥራውን ይናገራል። ደግሞም ለይቶ ማከሚያ የሚባል ወንድም አለው። ማቆያው ለበሽታው የተጋለጠ፣ ግን ገና ያልታመመ ሰው የሚቆይበት ነው። ማከሚያው የታመመው የሚታከምበት ነው፤ በኮሮና ጊዜ እንደነበሩት እንደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ እንደ ሚሊኒየም አዳራሽ። አንዷ ቃል ስትቀየር ሰው የት እንዳለ ያውቃል።

ተርጓሚው፦

ሲስተር፣ ሠርተሽ ያየሽውን አልክድም። ግን የራስሽን አነጋገር መልሰሽ ስሚው። «ለይተን አቆይተናታል።» የለያችሁት እናንተ ናችሁ። ልጅቷ ተደረገባት እንጂ ምንም አላደረገችም። በዚህ ስም ውስጥ ሁልጊዜ ሌላ ለዪ አለ። ሳል ሲጀምረው በገዛ ፈቃዱ ክፍሉን የዘጋውን ሰውስ ምን እንበለው? ዜናው እንኳን «ወደ ለይቶ ማቆያ እንዲገቡ ተደርጓል» እያለ ይንዛዛል። ወሸባ ግን እንደልብ ይረባል፦ ወሸባ ገባሁ፣ ከወሸባ ወጣሁ፣ ራሴን ወሸብኩ። በ2012 ወጣቱ ሲለው ሰምቻለሁ። ራሱ የወሰነ ሰው ቃል ነው።

ሌላም ስጋት አለኝ። ከ«መለየት» ወደ «ማግለል» አንድ እርምጃ ነው። የኤች አይ ቪን ዘመን እናውቀዋለን፤ «አድልኦና መገለል» የሚለውን ሐረግ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። የኮሮና ጊዜ ደግሞ «ታማሚው ተገልሎ» የሚል ትርጉም እጄ ላይ ገብቶ አርሜያለሁ።

ነርሷ፦

ማግለል ላይ አንድ ነን። ያ ቃል ከጤና ጽሑፍ ሁሉ ቢወጣ ደስታዬ ነው።

ወሸባን የምፈራው ግን እርስዎ በነገሩን ምክንያት ነው። ጎረቤትዎ ወሸባ የገቡት ታመው፣ መድኃኒት ወስደው ነው። ወሸባ የታማሚ ነው። እኔ ጋ የነበሩት ግን አልታመሙም። ትልቁ ሥራዬ ይህንኑ ማሳመን ነበር። ጠዋት ጠዋት ሙቀት ስለካ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቁጥሩን ከእኔ ቀድመው ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። «36 ከ5» ስላቸው እፎይ ብለው አልጋው ላይ ይወድቃሉ። እንዲህ ላለች ልጅ «ወሸባ ነሽ» ልበላት? የገጠር እናት ደግሞ ወሸባን ከእርስዎም ከእኔም በላይ ያውቁታል። በዚያ ስም ብነግራቸው ልጄ ታማለች ብለው ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያድሩ ነበር።

ኳራንቲንንም እንዲህ በቀላሉ አይሻገሩት። ሚሌ ላይ ለውጭ ገበያ የሚሄድ ከብት የሚቆይበት ጣቢያ ኳራንቲን ነው የሚባለው። የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብም ከ1985 ጀምሮ አለ። የእንስሳት ሐኪሙና የግብርና ባለሙያው ዕለት ዕለት የሚሉት ቃል ነው። ለእነሱ ይመቻል። ከአውሮፕላን ለወረደች ልጅ ግን አይመችም።

ተርጓሚው፦

ወሸባ የታማሚ ነበር፤ እውነትሽን ነው። ግን ቃል ይሰፋል። መርፌ ድሮ የልብስ ነበር። ዛሬ «መርፌ ተወጋሁ» ሲባል ልብስ የሚያስብ አለ? የ2012 ወጣት «ወሸባ ነኝ» ሲል መድኃኒት አላሰበም። ለአዋጅና ለማስታወቂያ ለይቶ ማቆያን ልተውልሽ። ቤቱ በር ዘግቶ ለተቀመጠው ሰው ግን ወሸባን አትንፈጊው።

ነርሷ፦

አልነፍገውም። እርስዎ ራስዎን ሲዘጉ ወሸባ ይበሉት፤ እኔም እንደ እናትዎ ምግቡን ደጃፍዎ ላይ አስቀምጣለሁ። ግን መርፌ ለመስፋት ዘመን ነበረው። ወረርሽኝ ያን ያህል አይጠብቅም። በመጀመሪያው ማታ ስልኩን የምቀበለው እኔ ነኝ። «ለይተን አቆይተናታል» ስላቸው እማማ «ስንት ቀን ቀራት?» ይሉኛል እንጂ «ምን አደረገች?» አይሉኝም።