የርግቧ ፈረሰኛ ለማን ይድረስ?

ጎንደር ላይ ርግብ መምታት ብዙ ሙያ አይጠይቅም። ሙያ የሚጠይቀው ርግቧ ከወደቀች በኋላ ያለው ነው። እንዴት ትታረድ፣ ማን ይብላት፣ ማን አየ፣ ጎረቤት ምን ይላል። በሬ ጥሎ ቅርጫ መካፈል እንኳ ይህን ያህል ስብሰባ አይፈልግም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ከተማ ውስጥ አይተኮስም። በተለይ የፋሲል ግቢ ርግቦች አይነኩም። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ርግቦቹ ከዩኔስኮ በፊት ነው የገቡት። በከተማችን የቤት ኪራይ ጨምሩ ተብለው የማያውቁ ነዋሪዎች እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት ዓይነት ርግብ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የለችም። ገደልና ግንብ፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያም ትወዳለች። እሷን ግቢው ውስጥ መትቶ መብላት ቅርስ ውስጥ ገብቶ ቅርስ መብላት ነው። ቅርስ የሚበሉ ሰዎች አይጠፉም፤ እነሱ ግን ጠመንጃ አያስፈልጋቸውም።

ስለዚህ ከከተማ እንውጣ። በአዘዞ በኩል የጎርጎራን መንገድ ይዛችሁ ደምቢያ ስትገቡ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ርግብ ቅርስ አይደለችም፤ ሌባ ናት። ማሽላው ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮኹ ሲጠብቁ ይውላሉ። ርግቧ የልጆቹን የምሳ ሰዓት ከእናቶቻቸው በላይ ታውቃለች።

የሰፈራችን አዳኝ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ዘመዶቻቸው እዚያ መሬት አላቸው። የአየር ጠመንጃም አላቸው። ጠመንጃውን ይዘው ሲወጡ ካያችኋቸው አንበሳ ተነሥቷል ትላላችሁ። በድሮ ጊዜ ዝሆን፣ ጎሽ ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ይፎክር፣ ይዘፈንለት ነበር። ዛሬ ዝሆኑም አንበሳውም ከአካባቢው ጠፍተዋል። ፉከራው ግን አልጠፋም፤ የሚያርፍበት አጥቶ ርግብ ላይ አረፈ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ያልታረደ ነገር በክት ነው። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ። በጥይት የሞተች ርግብን ማንም አፉ ላይ አያደርግም። ስለዚህ አዳኝ እንደተኮሰ ቢላ መዝዞ ይሮጣል። ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው በማሽላው መሀል ሲሮጡ ማየት ነው። ርግቧ ዓመቱን ሙሉ ብትበላ የማታጠፋውን ማሽላ በአንድ ሩጫ ይረግጡታል። ከዚያ አንገቷን ይዘው ይመለሳሉ። «ደረስክባት?» ይላል ባለ ማሽላው። «ዓይኗ ይርገበገብ ነበር!» ይላሉ ጋሼ። ሁልጊዜም ይርገበገባል። እኛ አገር በጥይት የሞተች ርግብ ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም በቢላ ነው የሞቱት።

ጋሼ ስለ ርግብ ሥጋ ከስልካቸው ብዙ ተምረዋል። እንግሊዝ አገር ገበሬዎች የዱር ርግብ ሰብላቸውን ስለምታጠፋ በብዛት ይተኩሳሉ። ብዙዎቹ ሙሉውን ወፍ አይነጩም። ቆዳዋን ደረቷ ላይ ቀደድ አድርገው ሁለቱን ሙዳ ያወጣሉ፣ በቅቤ ጠበስ ያደርጉታል፣ መሀሉ ቀላ እንዳለ ይበሉታል። ጋሼ ይህን ለአክስቴ ነገሯት።

«አንገቱንስ?» አለች።

«ይጥሉታል።»

«ታፋውን፣ ክንፉን?»

«አብዛኛውን ጊዜ ይጥሉታል።»

«እና እንዲህ እያደረጉ ነው ሀብታም የሆኑት?»

እውነቱን ለመናገር እንግሊዞቹ ልክ ናቸው። የርግብ ሥጋ ማለት ደረቷ ነው። ስትበር የምትውልበት ጡንቻ እሱ ስለሆነ ጥቁር ቀይ ነው፤ ጣዕሙም ከዶሮ ይልቅ ወደ ጉበት ይጠጋል። እግሯ ላይ ያለውን ሥጋ ለማግኘት መነጽር ያስፈልጋል። ይህን ለአክስቴ መንገር ግን አይቻልም። እሷ ዘንድ ክንፍ ያለው ነገር ሁሉ ዶሮ ነው፤ ዶሮ ደግሞ 12 ብልት አለው።

ሥራው በክርክር ተጀመረ። ጎረቤታችን የሆኑ መሪጌታ ወሬው ደርሷቸው መጡ። ርግብ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ናት፣ ለኖኅም የወይራ ቅጠል ያመጣችው እሷ ናት፤ በጥምቀት ከተማ እንዴት ይህ ይደረጋል አሉ። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ መለሱ። በኦሪት ርግብ ለመሥዋዕት ትቀርብ ነበር፣ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ይመልከቱ አሉ። «የቀረበው ለእግዚአብሔር ነው፤ ለእርስዎ ነው እንዴ?» አሉ መሪጌታ። አስተማሪው አልተሸነፉም። ግብፆች ለርግብ ከጭቃ ማማ ሠርተው ያረባሉ፣ ሆዷን በእህል ሞልተው ይጠብሳሉ አሉ። ይህ ነው የጎዳቸው። በዚህ ዘመን ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ ግብፅን ምሳሌ እየጠቀሰ ክርክር ያሸነፈ ሰው የለም።

ከሁሉም የከበደው ግን ከልጅ የመጣው ነው። የእህቴ ልጅ በትምህርት ቤት የተማረችውን ተናገረች። ወንዱ ርግብ እንቁላል ይታቀፋል። ጫጩት ሲፈለፈል ደግሞ ወንዱም ሴቷም ከአንገታቸው ሥር ወተት የመሰለ ነገር እያወጡ ይመግባሉ። ሽንኩርት የምትከትፈው አክስቴ ቢላዋን አስቀመጠች። ባሏን አየችው። ከዚያ ጋሼን አየቻቸው። «እንዲህ ያለውን ባል ነው የገደላችሁት?»

ሽንኩርቱ ግን ተከትፏል። በሽንኩርት ዋጋ ማንም ወደ ኋላ አይመለስም።

የማጀቱን ነገር ሙያ ላለው ሰው በአጭሩ ልናገር። የፈላ ውሃ አያስፈልግም። የርግብ ላባ በደረቁ እሺ ብሎ ይነቀላል፤ ቆዳዋ ግን ስስ ነው፣ ከተቻኮላችሁ ከላባው ጋር ይመጣል። አንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ቶሎ ይውጣ፣ ከቆየ ሥጋው ይሸታል። (የጋሼ ርግብ ከረጢት ሲቀደድ ማሽላ ሞልቶት ተገኘ። ባለ ማሽላው «ይኸው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባለ ድርሻ ሆነ።) የደረት አጥንቷ ጫፍ ሲጫኑት እጥፍ ካለ ገና ወጣት ናት፣ ቶሎ ትበስላለች። ካልታጠፈ ባልቴት ናትና በለስላሳ እሳት ብዙ ትቆይ። ጥይት የገባበትን ቀዳዳ በጣት ዳብሱት። ጥይቷ ላባ ይዛ ነው የምትገባው፤ እርሳሱም መርዝ ነው።

አክስቴ የደከመችው ሐሞት ስትፈልግ ነው። ዶሮ ላይ ሐሞት ከፈነዳ ወጡ አበቃለት። ገለበጠቻት፣ በባትሪ ብርሃን አየቻት፣ ምንም የለም። ርግብ የሐሞት ከረጢት እንደሌላት ልጅቷ ነገረቻት።

«ሐሞት ለሌለው ፍጥረት ነው ይህ ሁሉ ፉከራ?» አለች፣ ጋሼ እየሰሙ።

ከዚያ ብልት ማውጣት። ላባዋን ጨምሮ ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ወፍ ለ12 ተከፈለች። አክስቴ አሥራ ሁለቱንም አወጣቻቸው፤ ይህን ጥበብ ቀዶ ሕክምና የሚማሩ ልጆች ቢያዩት ጥሩ ነበር። በሎሚና በጨው ታጠበች፣ ቁሌቱ ውስጥ ገባች፣ ጠፋች። ወጡ ሲወጣ ድስቱ ላይ የሚታየው የዶሮ እንቁላል ብቻ ነበር። እንቁላሉ ከእያንዳንዱ ብልት ይበልጣል። አንዱ እንግዳ እንቁላሉን የርግቧ መስሎት ተደነቀ፤ ማንም አላረመውም።

ፈረሰኛው ለማን ይድረስ የሚለው ገና አልተፈታም። ጋሼ ገዳይ ነኝ አሉ። የአክስቴ ባል አባወራ ነኝ አለ። ባለ ማሽላው በኔ እህል ነው የወፈረችው አለ። አስተማሪው በክርክሩ የተከላከልኩላችሁ እኔ ነኝ አሉ። በመጨረሻ ፈረሰኛውን አንሥተው ለመስጠት ሲፈልጉት ከሌሎቹ መለየት አልተቻለም። ሁሉም «በሞቴ፣ አንተ ጉረስ» መባባል ጀመሩ። ጉርሻው ክብ ሠርቶ ዞረ። አስተማሪው ሲያኝኩ አንድ ነገር ጠጠር አለባቸው። በሰው ማዕድ ላይ መትፋት ነውር ነው። ጥይቱን በይሉኝታ ዋጡት። «ይጣፍጣል» አሉ።

መሪጌታ አልቀመሱም። በረንዳ ላይ ጠላቸውን ይዘው ቃላቸውን ጠበቁ። ሌሎችም ጎረቤቶች ርግብ ወደሚበላበት ቤት አንገባም ብለው ቀሩ። ማታ ላይ ግን በሩ ተንኳኳ። አንዲት ልጅ ቆርቆሮ ጣሳ ይዛ ቆማለች። አያቷ ሳል ይዟታል፣ ትንሽ መረቅ ለመድኃኒት ያህል። ቀጥሎ ሌላ ልጅ፣ ለወገብ ሕመም። ቀጥሎ የወለደች ሴት አለች ተባለ። በሰፈራችን ያን ያህል ሕመምተኛ እንዳለ ጤና ጣቢያውም አያውቅም። አክስቴ ቁሌቱን እያቀጠነች ቀዳች።

መጨረሻ ላይ የመጣው የመሪጌታ ደቀ መዝሙር ነው።

«የኔታ ጉሮሯቸውን አሟቸዋል» አለ። «ከተረፈ፣ ከደረቱ አካባቢ ቢሆን።»